የተወለወለው መስታወት

«ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ዛሬ ከነኮተቱ አውጥቼ በር ላይ ጥዬው ነበር» ስትል ሰማኋት፣ እህቴን። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ነበር። የእኛ ኩሽና መስኮትና የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆኑ ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት የሚያወሩት ዕቃ እያጠቡ ነው፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ከቆሻሻው ውሃ ጋር አብሮ የሚወርደው እዚያ ነው። «አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው» አለች እህቴ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ብረት መሐል ስጠርግ ኖሬ…» ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። መስማትም አልፈለግኩም። ሰው ስለ ራሱ ሲታማ ቆሞ እስከ መጨረሻው ለመስማት ወይ ቅዱስ ወይ ደንቆሮ መሆን አለበት፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ጫማዬን ሆን ብዬ ወለሉ ላይ ጣል አደረግኩት። ኩሽናው ጸጥ አለ። ውሃው ብቻ መውረዱን ቀጠለ።

ቁርስ ላይ እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ፣ እሷም እንዳልተናገረች። ይህ የቤታችን ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ጥሰነው ግን አናውቅም። ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋችው፤ እኔ መልሼ ወደ መሐል ገፋሁት። ስኳር ካቆምኩ ሁለት ዓመት እንደሆነኝ እያወቀች ሻዬ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨመረች፤ ዝም ብዬ ጠጣሁት። እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ዛሬም በሳሙና የተላጡ ናቸው፣ ሰው ቤት ስትገባም መጀመሪያ የሚታያት የመጋረጃው እድፍ ነው። ሚስቴ የሞተች ጊዜ «ና እኔ ጋ» ያለችኝ እሷ ናት። መጣሁ። ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣና አንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ሻንጣው አንድ እንደሆነ ቀረ፣ ቴሌስኮፑ ግን ተዋለደ።

ክፍሌ ድሮ የምግብ ክፍሏ ነበር። ጠረጴዛዋን ሸጣ ቦታ የለቀቀችልኝ እሷው ናት። አሁን አልጋዬ ግድግዳ ታኮ ቆሞ፣ ከግርጌው ሁለት ሌንስ አልባ የናስ ቱቦዎች ተጋድመው፣ ከበሩ ኋላ ሦስት ባለሦስት እግር መቆሚያዎች ተደጋግፈው፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የዛገ ባለጥርስ መዘውር በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በላምባ ተዘፍዝፎ ሳለ፣ ለሰው የቀረው መተላለፊያ የአንድ ትከሻ ስፋት ነው። የሰፈሩ ልጆች «ቱቦው» ይሉኛል። ለምን ይህን ሥራ እንደያዝኩ ሰው ሲጠይቀኝ ደህና መልስ የለኝም። ትርፍ የለውም፤ ከመነጽር ቤት ደሞዜ እያነሳሁ የምጥልበት ነው። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ሰው ሁሉ የጣለውን ቴሌስኮፕ አምጥቼ፣ ዝገቱን አራግፌ፣ የተጣበቀውን አላቅቄ፣ እንደገና ሲዞር ማየት ደስ ይለኛል። ሰው አንዴ ከሄደ ሄደ። ብረት ግን ላምባ ውስጥ ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት ትሞክረዋለህ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሌሊት ትጨምርለታለህ።

የዚያን ቀን ጉዳይ የመምህሩ ቴሌስኮፕ ነበር። መምህሩ ልጅ ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ከክፍሉ ሁሉ እኔን መርጠው ቤታቸው ወስደው፣ አሮጌ በርሜል ላይ በተቀመጠ ወፍራም መስታወት ዙሪያ ሲዞሩ አሳይተውኛል። መስታወቱ ከተሰባበረ መርከብ የተነቀለ ክብ መስኮት ነው ይላሉ። አራት ወር በርሜሉን እየዞሩ፣ መስታወት በመስታወት እየፈተጉ፣ እንደ ሰሐን ጎድጎድ አድርገው አለሰለሱት። ቴሌስኮፑ ማለት እሱ መስታወት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቱቦና እግር ነው። ኋላ ቱቦው ዶሮ ቤት ውስጥ ዘመን ቆጥሮ፣ መቆሚያው ዝጎ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ፣ የዛሬ አሥራ አራት ወር በጋሪ ተጭኖ እኔ ዘንድ መጣ። አሥራ አራት ወር እሁድ እሁዴን በላው። መምህሩ ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበርና በማግሥቱ ጠዋት ልጃቸው ዘንድ፣ ሌላ ከተማ፣ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ልጁ «አንድ ሻንጣ ብቻ» ብሏል። ቴሌስኮፑ ለእኔ ሊቀር ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥተው አንድ ጊዜ ሊያዩበት ተነጋግረናል። መጀመሪያ ግማሽ ጨረቃን፣ ደንገዝገዝ ሲል ደግሞ በከዋክብት መሐል እንደ ጭስ የምትታይ አንዲት ደብዛዛ ደመናን። ያቺን ደመና ከሟች ባለቤታቸው ጋር ነው ያዩዋት። ሌላ ቀን የለም። እኔም በበኩሌ ከእሳቸው የምፈልገው ነገር ነበረኝ፣ ለማንም ባልናገረውም፦ አንድ ቀን «ጎበዝ» እንዲሉኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አላፍርበትም።

መስታወቱን ከሦስት ሳምንት በፊት ብር ቀብቼው ነበር፤ የጌጡን፣ የቀለበቱን ብር ማለቴ ነው። ፊት የምናይበት የቤት መስታወት ብሩ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱን የፈለጉትን ያህል ቢፈትጉት ምንም አይሆንም። የቴሌስኮፕ ግን ብሩ ከፊት ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፣ ጨርቅ አይነካውም። እህቴ ለቅሶ ልትደርስ የወጣች ዕለት የብር መቀቢያውን መድኃኒት በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ በጥብጬ ቀባሁት፤ ሳፋው እንደ ከሰል ጠቆረ። ስትመለስ ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተንበርክካ ትፈትገው ጀመር። ምን ሠራህበት አላለችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ብረቴን አትንኪብኝ ያልኳትም ገና የመጣሁ ሰሞን ነው፤ ለምን እንደሆነ አላልኩም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ሻዩን ሳንጨርስ መምህሩ ደወሉ። «ዝግጁ ነው ወይ?» አሉ፣ እንዴት አደርክ እንኳ ሳይሉ።

«ዝግጁ ነው ጋሼ። መስታወቱ ብቻ ትንሽ ቢጫ ብሎብኛል። ሥራ ባልገባ ኖሮ አንድ ነገር አደርገው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ጊዜ የለኝም።»

«ቢጫ ይበል! ከነቢጫው ያሳያል። እንዳትነካው ብቻ።»

«እሺ ጋሼ፣ እሺ።»

ስልኩን ስዘጋ እህቴ ኩባያዎቹን እያነሳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ኩሽና ገባች። እኔም ኮፍያዬን አነሳሁና ወጣሁ።

አውቶቡሱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ አንድ እግር ለማቆም ሁለት ሰው ይቅርታ ትጠይቃለህ። «በር ላይ ጥዬው ነበር» የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ውስጥ እየተንከባለለች አብራኝ ተሳፈረች። ከሰው አፍ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ከእህት አፍ ሲሆን ግን አጥንት ይገባል። ከመውረጃው አጠገብ የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፦ የሚከራይ አንድ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለብቸኛ ሰው፣ ዕቃ ለማያበዛ። ኪራዩ ከደሞዜ ግማሽ በላይ ነው። ግርጌው በመቀስ እንደ ዘርፍ ተተልትሎ እያንዳንዱ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ቀዷል። ሦስተኛውን እኔ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። ዕቃ ለማያበዛ። የእኔን ቱቦዎች ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ ወዛደር ራሱ ከኪራዩ በላይ ይጠይቃል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ሳቁ ግን አልጣመኝም።

የመነጽር ቤቱ ኋላ ክፍል መስኮት የለውም። እዚያ ተቀምጬ ሌንስ በፍሬሙ ልክ እየሞረድኩ እገጥማለሁ፤ የቀኑ ርዝመት የሚታወቀው በሞርዱ ውሃ መደፍረስ ነው። ረፋዱ ላይ የሱቁ ባለቤት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ና እስቲ አንተ፣ ይቺን ሴትዮ አስረዳልኝ» አለኝ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ የገዛችው መነጽር በአራት ወሩ ጉም የለበሰ መስሏል፣ ቀይሩልኝ ትላለች። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት፤ በሽርጧ ደረቁን እየጠረገችው ነው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው አልኳት፤ ደረቁን ሲጠርጉት ሌንሱን በድንጋይ እንደ መፋቅ ነው፣ መጀመሪያ በውሃ ያለቅልቁት፣ ቀጥሎ አንዲት ጠብታ ሳሙና፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ፣ እሱንም ሳይጫኑ። እጇን ይዤ በሁለት ጣት እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት። ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደብኝ። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ «ባለቤቴ እንኳ በዕድሜው እንዲህ ቁጭ ብሎ አስረድቶኝ አያውቅም» አለች። «እቤትዎ ያሉት ታድለዋል።» የሱቁ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ «ስብከቱ በነጻ ነው፣ መነጽሩ ግን በዋጋው ነው» ብሎ ቀለደ፣ ተሳሳቅን። ወደ ኋላ ክፍሌ ስመለስ ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በምሳ ሰዓት አሮጌ ዕቃ ተራ ሮጥ አልኩ። ለመቆሚያው ማመዛዘኛ ክብደት የሚሆን አንድ አጭር ብሎን ጎድሎኝ ነበር። ነጋዴው ከሩቅ ሲያየኝ ነው ፊቱ የበራው። ከዝገት ክምር መሐል ብሎኑን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠና «ስልሳ» አለኝ።

«ለአንድ ብሎን?»

«ብሎኑ አምስት ነው። ሃምሳ አምስቱ አንተ እንደምትፈልገው ስላወቅኩ ነው።»

አርባ ከፍዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ከሌንስ ይልቅ ሰዓቱ ላይ ነበር፤ የሱቁ ባለቤት አዘነልኝ መሰለኝ በአሥር ሰዓት «ሂድ በቃ፣ ዛሬ እዚህ የለህም» ብሎ ለቀቀኝ።

ቤት ስገባ የቤቱ ሽታ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ላምባው ጠፍቶ ሳሙና ሳሙና ይላል። የክፍሌ በር ተከፍቷል። ወለሉ ታጥቧል፣ መስኮቱ ተወልውሏል፣ መፍቻዎቼ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል፤ አንድ መፍቻ ጎድሎ ኖሮ ቦታው ክፍት ተትቶለታል። መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ባለሰማያዊ መስመር ፎጣ ተነጥፏል፣ ፎጣው ላይ የመምህሩ መስታወት ተቀምጧል። ሄጄ አጎነበስኩበት። ጣሪያውንም ፊቴንም አላየሁም። ያየሁት የፎጣውን ሰማያዊ መስመሮች ነው፣ አንድ በአንድ፣ በመስታወቱ አሳልፌ። ብሩ የለም። ቅንጣት የለም። መርከቡ ላይ እንደነበረበት ቀን ባዶ መስኮት ሆኗል።

«እንዴት ነው?» አለች እህቴ ከኋላዬ። በሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ታደርቃለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም፤ ፈተና ጽፎ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ነበረች። «ቢጫ ብሎብኛል ስትል ሰምቼህ ነው። ጊዜ የለኝም አልክ። በጥርስ ሳሙና ነው ያሸሁት፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ጭረት እንዳያወጣ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ብታይ ጥቁር ውሃ ነው የወጣው! ይህን ሁሉ እድፍ ተሸክሞ እንዴት ያሳይ ነበር?»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም፣ ጥርጣሬ ነው። ሆን ብላ ነው አልኩ በሆዴ። ጠዋት አፏ ያለውን ከሰዓት እጇ ሠራው። ከዚያ ፊቷን ሳየው እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ባሰብኝ፣ ሆን ብላ ቢሆን መጮህ እችል ነበርና። ብር ለመቀባት መድኃኒቱ አልቋል፣ ቢኖርም አንድ ቀን ይፈጃል፤ የቀረኝ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እጄ ኪሴ ውስጥ የስልክ ቁጥር ያለባትን ቁራጭ ወረቀት አገኘች። ስለ መስታወቱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ «ቤት አግኝቻለሁ» አልኳት። «ከብረቱም ከእኔም ትገላገያለሽ። በር ላይ መጣሉም አይደክምሽም።»

እጇን ማድረቋን አቆመች። የጠዋቱን ወሬ መስማቴን በእርግጥ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ግን አልተከላከለችም፣ አልማለችም፣ አላለቀሰችም። «ሻይ ልጣድ» አለች፣ «እንግዳህ ይመጣል።» ኩሽና ገባች። እኔም ባዶውን መስታወት አንስቼ ቱቦው ውስጥ ገጠምኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ደውዬ አይምጡ ልበል? በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ ሊወርዱ ተነስተው ይሆናል።

መምህሩ ከቀጠሯችን ቀድመው በአሥራ አንድ ተኩል መጡ። ባለታክሲው እጃቸውን ይዞ ግቢ አስገባቸውና «ልክ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ግቢያችን ከአራት ቤት ጋር የምንጋራው ሲሚንቶ ነው፤ የልብስ መስጫውን ገመድ አውርጄ፣ ቴሌስኮፑን መሐሉ ላይ አቁሜዋለሁ። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ ግማሽ ጨረቃ ከራሳችን በላይ ነጣ ብላ ወጥታለች። መምህሩ ወንበር አልፈለጉም። ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው መጀመሪያ የዳበሱት መቆሚያውን ነው። በአንድ ጣት ገፉት፤ ያ ድንጋይ ሆኖ የነበረ ብረት ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። ቀስ ብሎ የሚያዞረውን ትንሹን እጀታ ወደ ፊት አዞሩት፣ ወደ ኋላ አዞሩት፤ የመዘውሩ ጥርስ ባዶ ይዞራል ወይ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። «ስንት ጊዜ ፈታኸው?» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልኳቸው። «ሃያኛ አያስፈልገውም» አሉ። ለእሳቸው ይህ ከ«ጎበዝ» በላይ ነው። የአሥራ አራት ወር ድካሜን ዋጋ በዚያች ቅጽበት ተቀበልኩት፣ ለአፍታም ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ቱቦው አፍ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ብሩስ?»

«ለቀቀ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ይለቃል? ማን ነካው?»

እህቴ የሻይ ትሪ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ በዓይኔ ጠርዝ አየኋት። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ቢጫውን ላነሳ ብዬ ነው። ጠረግኩት።»

መምህሩ ቀና አሉ። መጮህ የሚችሉ ሰው ናቸው፣ በልጅነቴ ጠመኔ ወርውረውብኛል፤ ያን ዕለት ግን አልጮሁም፣ ያ ነው የጎዳኝ። «የመጀመሪያ ቀን ምን አልኩህ?» አሉ። «አትንካው አልኩህ። ዛሬ ጠዋትስ? አትንካው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ፣ አንድ ሰው ገብቶታል ብዬ ለሰው የማወራው ስለ አንተ ነበር። እንግዲህ እሱም ቀረ።» ምርኩዛቸውን ከእጄ ወሰዱ። ድካሙ ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፤ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብል ደስ ባለኝ።

«እሱ አይደለም» አለች እህቴ። ትሪውን ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ የጠረግኩት። እሱ ሥራ ነበር።»

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ። «እርስዎ? ብሩ ከፊት መሆኑን አልነገረዎትም?»

«ማን ይነግረኛል?» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ምን እንደሆነስ ማን ነግሮኝ ያውቃል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ብረት መሐል ስጠርግ ኖሬ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ እህቴ ነይ እስቲ እይ ያለኝ የለም። ማታ ማታ እዚህ ቆሞ ያያል፤ እኔ በመስኮት የእሱን ጀርባ አያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቼ እጥለው ነበር አልኩ፣ አዎ ብያለሁ፤ ለልብስ ሰፊዋ ነው ያልኩት፣ ትጠየቅ። ወንድሜ ነውና ዝም አልኩ፣ አንድ ቀን እስኪጠራኝ እጠብቃለሁ ነው ያልኩት። ዛሬ ቢጫ ብሎብኛል ሲል ሰማሁት። እድፍ ከሆነ እችልበታለሁ ብዬ ነው። ሌላ የምችለው ነገር የለም።»

የጠዋቱ ወሬ ሌላኛው ግማሽ ይህ ኖሯል። የዳቦ ጋጋሪዋ እጅ ትዝ አለኝ፤ ለማላውቃት ሴት ሩብ ሰዓት ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ። አፈርኩ። ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፤ በቤታችን ግን ይህ ቃል የሚነገርበት ቦታ ተበጅቶለት አያውቅምና ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። መምህሩ መስታወቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ። ከዚያ «ወንበር አምጣ» አሉ። ሳመጣ ለራሳቸው መስሎኝ ነበር። «እዚህ አድርገው። ለእሳቸው ነው።»

«ተበላሽቷል አይደል እንዴ?» አለች እህቴ።

«ለደብዛዛ ነገር ነው የተበላሸው። ለጨረቃ ባዶ መስታወትም ይበቃል፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን ያየሁበት ብር ሳይቀባ ነው።» ቀድመው ራሳቸው አዩ። እጃቸው ምርኩዙ ላይ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። ጨረቃዋን ጠገቡ ወይስ ያቺን ደመናቸውን እየተሰናበቱ ነበር አላውቅም። ሲነሱ «ደመናዋ ቀረችብኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ለእህቴ ቦታውን ለቀቁላት።

ተቀመጠች። አንዱን ዓይኗን በእጇ ሸፍና ጠጋ አለች። እኔ ምን ታየሽ ልላት ስል ቀድማኝ «እንዴ!» አለች። «ያን ያህል አሽቼው? ይኸው እዚህ ጋ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ቀርቶበታል እኮ!»

መምህሩ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንባቸውን ጠረጉ። «እሱን የሚያጥብ ሳሙና አልተገኘም» አሏት። እኔ ወንበሯ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ እድፉ የመስታወቱ ሳይሆን የጨረቃዋ መሆኑን ነገርኳት፤ ጥቁሮቹ የተዘረጉ ሜዳዎች እንደሆኑ፣ ክብ ክቦቹ ጉድጓዶች እንደሆኑ፣ ግማሹ ያልታየው ፀሐይ ስላልደረሰበት እንደሆነ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ከተነጋገርነው ሳይበልጥ አይቀርም። ባለታክሲው ጡሩምባ ሲነፋ መምህሩ ሻዩን ቆመው ጨለጡት፣ እጄን ያዙ፣ «በሚቀጥለው ስትቀባው ብቻህን አትቅባው» አሉኝ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ዞር ብለው መቆሚያውን አንድ ጊዜ አዩት፤ ሄዱ።

ስመለስ እህቴ ከወንበሩ አልተነሳችም። «ሄደብኝ» አለች። ሰማዩ ሲዞር ጨረቃዋ ከማያው ቀዳዳ እየሾለከች ነው። ትንሹን እጀታ ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኩላት፤ «መጣ መጣ» አለች። ወገቤ ያመኛል፣ ቀኑ ረጅም ነበር፣ አጎንብሼ መቆም ከብዶኛል። ደግሞ ሄደባት፣ ደግሞ አዞርኩ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

«ያገኘኸው ቤት» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ግቢ አለው?»

«የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«ታዲያ ከየት ልታይ ነው?»

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቁራጭ ወረቀት በሁለት ጣቴ ጠቀለልኳት።

«ሄደብኝ» አለች።

እጀታውን አዞርኩላት።